የወር ስም በአዋጅ አይኖርም

በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ምሽት በአሜሪካና በአውሮጳ ከተሞች የሐበሻ ልጆች ከጎረቤት ልጆች ጋር ተቀላቅለው፣ ጭንብል አጥልቀውና ከረጢት አንጠልጥለው በየበሩ ከረሜላ ይጠይቃሉ። ከወላጆቻቸው መካከል ገሚሱ «ይኼ የሰይጣን በዓል ነው» ብሎ ልጁን ቤት ያስቀራል፤ ገሚሱ ደግሞ «ልጅ ከጓደኞቹ አይለይ» ብሎ ልብሱን ገዝቶ ይልካል። ክርክሩ በየዓመቱ ይነሣል፤ ከከረሜላው ጋርም አብሮ ያልቃል። ከልካዩም ሆነ ፈቃጁ ወላጅ እምብዛም የማያነሧቸው ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው፣ ያ ቀን በሐበሻ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21፣ የወሩ ማርያም መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የበዓሉ ባለቤቶች የነበሩት ሰዎች ወሩን በራሳቸው ቋንቋ ማን ብለው ይጠሩት እንደነበረ ነው።

ሃሎዊን የሚለው የእንግሊዝኛ ስም «የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ» ከሚል የቤተ ክርስቲያን አነጋገር የወጣ ነው። ልማዱ ግን በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ዘመን ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የተሰደዱ ሰዎች ወደ አሜሪካ ይዘውት የገቡት ነው። በሀገራቸው ሳሉ መብራቱን የሚሠሩት ከመሬት የሚቆፈር ሥራ ሥር እየፈለፈሉ ነበር፤ አሜሪካ ሲደርሱ ዱባው ትልቅና ለመፈልፈል የሚመች ሆኖ አገኙት። በዓሉ በአየርላንድ ቋንቋ «ሳውን» ይባላል። ይኸው ሳውን በዚያ ቋንቋ የኖቬምበር ወር መጠሪያ ነው፤ መከር ተሰብስቦ፣ ከብቱ ከግጦሽ ተመልሶ፣ የብርዱ ወራት የሚጀምርበት ጊዜ ማለት ነው።

ዛሬ ሃሎዊን በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። ሳውን የሚለውን ስም የሚያውቀው ግን፣ ቅድመ አያቶቹ ከአየርላንድ ከመጡት አሜሪካዊ መካከል እንኳ ብዙ አይደለም። ልማዱ ባሕር ተሻገረ፤ ስሙ ወደብ ላይ ቀረ። ይህን የሌላ ሕዝብ ታሪክ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። መስከረምን፣ ጥቅምትንና ኅዳርን ይዞ ለተሰደደው ኢትዮጵያዊ ከወዲሁ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነውና።

አሥራ ሁለቱ ስሞች

የአየርላንድ ቋንቋ አጻጻፉና አነባበቡ የተራራቀ በመሆኑ የወራቱን ስም በግዕዝ ፊደል ማስፈር የሚቻለው በግርድፉ ነው። ከአሥራ ሁለቱ አምስቱ ከላቲን የመጡ ናቸው፤ ጃንዩወሪ «አናር»፣ ፌብሩወሪ «ፍያውራ»፣ ማርች «ማርታ»፣ ኤፕሪል «አብራን»፣ ጁላይ ደግሞ «ኡል» ይባላሉ። ክርስትናና የላቲን ትምህርት ወደ ደሴቲቱ ከገቡ በኋላ ሕዝቡ የሮማውያኑን ስሞች ተቀብሎ፣ በራሱ አፍ ገርቶ የራሱ አደረጋቸው። ከውጭ የመጣ ስም ሁሉ ጠላት እንዳልሆነ ለማወቅ እነዚህን አምስቱን መመልከት ይበቃል።

ሦስቱ ከክርስትና በፊት ይከበሩ በነበሩ በዓላት የተሰየሙ ናቸው። ሜይ «ብያልተኔ» ነው፤ በወሩ መግቢያ እሳት ይነድና ከብቱ ወደ በጋው ግጦሽ ከመውጣቱ በፊት ከክፉ እንዲጠበቅ በሁለት እሳት መካከል ይነዳ ነበር። ኦገስት «ሉናሳ» ነው፤ ሉ በተባለ የጥንት አምላክ ስም የተጠራ የመከር መግቢያ በዓል ነው። ሦስተኛው ከላይ የተነሣው ሳውን ነው።

ሌሎቹ ሦስቱ ገበሬ የቆጠራቸው ናቸው። በአየርላንድ ልማድ ጸደይ የሚገባው በፌብሩወሪ መጀመሪያ በመሆኑ በጋው ሜይ፣ ጁንና ጁላይ፣ የመከሩ ወቅት ደግሞ ኦገስት፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ነው። ስለዚህ ጁን «ሜሄቭ» ሲባል መካከለኛው፣ ማለትም የበጋው አጋማሽ ማለት ነው። ሴፕቴምበር «ማን ፎር» ነው፤ የመከር አጋማሽ። ኦክቶበርም «ዴራ ፎር» ነው፤ የመከር መጨረሻ። እንግሊዝኛው ግን ሴፕቴምበርን ሰባተኛ፣ ኦክቶበርን ስምንተኛ ከሚሉ የላቲን ቃላት ይዞ ቀርቷል፤ የሮማውያን ዓመት በማርች ይጀምር ከነበረበት ዘመን የቀረ ስለሆነ ዛሬ ዘጠነኛውን ሰባተኛ፣ አሥረኛውንም ስምንተኛ እያለ ይኖራል። የአየርላንዱ ገበሬ ስም ዛሬም እውነቱን ይናገራል።

አሥራ ሁለተኛው ዲሴምበር ነው፤ «ኖለግ» ይባላል፤ ገና ማለት ነው። የወሩም የበዓሉም ስም አንድ ነው። ጃንዩወሪ 6 ቀን ደግሞ «የሴቶች ገና» የሚሉት በዓል አላቸው፤ በልማዱ መሠረት በበዓሉ ሰሞን ጓዳ ለጓዳ ስትደክም የከረመችው ሴት የምታርፍበት፣ ወንዱ የቤቱን ሥራ የሚሠራበት ቀን ነው። ያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የኢትዮጵያ ገና ዋዜማ መሆኑን ልብ ለሚል፣ የዶሮው ሽንኩርት በማን እጅ እየተከተፈ እንደሚያመሽ ማሰቡ አይከፋም።

ከሁሉ ይልቅ ሐበሻን የሚያስገርመው የሳምንቱ ቀናት ስም ነው። በአየርላንድ ቋንቋ ረቡዕ «ኬዲን» ነው፤ የመጀመሪያው ጾም ማለት ነው። ዓርብ «ኢኔ» ነው፤ ጾም ማለት ነው። በመካከላቸው ያለው ሐሙስ «ዴርዲን» ይባላል፤ በሁለት ጾሞች መካከል ያለ ቀን ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብን መጾም የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነበር። በአየርላንድ ጾሙ ከብዙ ዘመን በፊት ቢቀርም ስሙ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ኢትዮጵያዊው ክርስቲያን ደግሞ ጾሙን ራሱን ይዞታል። በአንዱ ሀገር ስሙ ልማዱን አስታወሰ፤ በአሜሪካው ሃሎዊን ግን ልማዱ ስሙን አላስታወሰም። ስም ከልማድ ይልቅ ዕድሜ ሊኖረው የሚችለው ሰው አፍ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

በሐበሻውም ወራት እንዲሁ ነው። ጳጉሜን ከግሪክ ቋንቋ የመጣ፣ ተጨማሪ ማለት የሆነ ስም ነው፤ ዛሬ ግን ከጳጉሜን የበለጠ ሐበሻ የሆነ ወር የለም። ጥር ሲባል ጥምቀትና ሠርግ ይታያል፤ ግንቦት ሲባል የልደታ ንፍሮ፤ ነሐሴ ሲባል ፍልሰታና ቡሄ። ብርዱ ሲጠና «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል፤ መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ «ሰኔና ሰኞ ገጠመ» ይባላል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠለው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ ነው። የካቲት 12 የሰማዕታት፣ የካቲት 23 የዓድዋ፣ ሚያዝያ 27 የድል ቀን ነው። እነዚህን በፌብሩወሪ፣ በማርችና በሜይ ተርጉሞ ለልጅ መንገር ይቻላል፤ ነገር ግን «የካቲት» የሚለው ቃል ሲነሣ በሰው ፊት ላይ የሚታየው ነገር አብሮ አይተረጎምም።

ስሙ ከአፍ የወጣበት መንገድ

የአየርላንድ ሕዝብ ቋንቋውን በአንድ ቀን አልጣለም። ሀገሪቱ ለብዙ መቶ ዓመታት በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ የፍርድ ቤቱም፣ የንግዱም፣ የሹመቱም ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1831 የተቋቋሙት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በልጆች አንገት ላይ ስለሚንጠለጠል እንጨት የሚነገር ታሪክ አለ፤ ልጁ በአየርላንድ ቋንቋ በተናገረ ቁጥር እንጨቱ ላይ ምልክት ይቀረጻል፤ በመጨረሻ ምልክቱ ተቆጥሮ ልጁ ይገረፋል። በዚህ ነገር ወላጆችም ከመምህራኑ ጋር ይተባበሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1845 ድንቹን በሽታ መታው። እስከ 1852 በዘለቀው ረኀብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ተሰደደ። እጅግ የተጎዳው ቋንቋው በብዛት ይነገርበት የነበረው የምዕራቡ ክፍል ድኻ ገበሬ ነበር። በ1851 በተደረገው ቆጠራ ቋንቋውን የሚናገረው አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል፣ ከሕዝቡም ከሩብ በታች ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የየቤቱ ስሌት አንድ ዓይነት ሆነ። ልጁ ነገ ኒው ዮርክ ወይም ቦስተን ይሄዳል፤ እዚያ የሚያበላው እንግሊዝኛ ነው፤ ታዲያ ሳውንና ብያልተኔ ምን ያደርጉለታል? እነዚያ ወላጆች ክፉዎች አልነበሩም፤ ቋንቋቸውንም አልጠሉም። ለልጃቸው እንጀራ ያሰቡ፣ ረኀብን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው በአየርላንድ ቋንቋ እያወሩ ወደ ልጁ ሲዞሩ በእንግሊዝኛ ይናገሩ ጀመር። ይህን የመሰለ ቤት ለማየት ዛሬ አየርላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በዋሽንግተንም፣ በለንደንም፣ በስቶክሆልምም ወጥ ቤት ውስጥ እናትና አባት በአማርኛ ሲያወሩ ቆይተው ልጁ ሲገባ ቋንቋ የሚቀይሩበት ቤት ሞልቷል። ምክንያቱም ያው ነው፤ የልጁ ነገ።

መንግሥት ሲቆምለት

አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1922 የራሷን መንግሥት ስታቋቁም ቋንቋውን ለማንሣት ብዙ ተደረገ። በትምህርት ቤት ግዴታ ሆነ። የ1937ቱ ሕገ መንግሥት ብሔራዊና የመጀመሪያው ኦፊሴላዊ ቋንቋ ብሎ ደነገገው። በ1972 የራሱ ሬዲዮ፣ በ1996 የራሱ ቴሌቪዥን ተቋቋመለት። በ2003 የቋንቋ ሕግ ወጣለት፤ በ2007 የአውሮጳ ኅብረት ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሆነ። የመንገድ ምልክቱ በሁለት ቋንቋ ይጻፋል፤ ልጆችም አሥራ ሁለቱን ወራት በክፍል ውስጥ ይማራሉ።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ቋንቋውን እችላለሁ ያለው ሰው ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ እናገረዋለሁ ያለው ግን 71,968 ብቻ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ገደል ብዙ ያስተምራል። ሳውን ኖቬምበር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ለጎረቤቱ «በሳውን እንገናኝ» የሚለው ግን ጥቂት ነው።

ይህን አይቶ መንግሥት ያደረገው ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ሕጉ፣ ትምህርት ቤቱና ሬዲዮው ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የሚቆጠረው ቁጥር ከዚህም ባነሰ ነበር። በምዕራብ አየርላንድ ቋንቋው እስከ ዛሬ የቤት ቋንቋ የሆነባቸው መንደሮች አሉ፤ በከተሞችም ልጆቻቸውን ሁሉንም ትምህርት በዚያው ቋንቋ ወደሚሰጡ ትምህርት ቤቶች የሚልኩ ወላጆች በርክተዋል። ዳሩ ግን አዋጅ ስሙን ከመጥፋት ሊያድነው ይችላል እንጂ ምሳ ላይ አያስጠራውም። ምሳ ላይ የሚጠራው እናት፣ አባትና አያት ሲጠሩት ነው።

የስደተኛው ቤት

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። አማርኛ የሚሊዮኖች ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ መስከረም ብሎ ለመጥራት የሚቸገር የለም፤ ታዲያ ከአየርላንድ ጋር ምን ያመሳስለዋል? የሚል ነው። ለሀገር ቤቱ ሰው መልሱ «ምንም» ሊሆን ይችላል። ዳላስ ወይም ፍራንክፈርት ለተወለደ ልጅ ግን አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ለእርሱ አማርኛ የሚኖረው ቤቱ ውስጥ ባለው መጠን ነው። የአየርላንዱ ልጅ ቢያንስ መንግሥቱ በመንገድ ምልክት፣ በትምህርት ቤትና በቴሌቪዥን ያስታውሰዋል። የሐበሻው ልጅ ግን ያለው አንድ ቤት፣ እሑድ እሑድ የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ አልፎ አልፎም የሚበላበት ምግብ ቤት ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ኪራዩም፣ ቀጠሮውም፣ ደመወዙም በፈረንጅ ወር ነው፤ ልጅን በሁለት አቆጣጠር ማወዛገብ ለምን?» የሚል ነው። የሐኪም ቀጠሮ በሐምሌ ይያዝ ያለ የለም። ልጅም በሁለት አቆጣጠር አይወዛገብም፤ ሁለት ቋንቋ የሚችል ሁለት የወር ስም አያቅተውም። የሚወዛገበው አያቱ ደውላ «ለሰኔ ሚካኤል ስለት አለብኝ፣ አንተም ጸልይ» ስትለው ሰኔ ማን እንደሆነ ሳያውቅ «እሺ» ብሎ ስልኩን ለእናቱ የሚያቀብል ልጅ ነው። አያትየው ያለችው ጁን 19 ነው፤ እርሱ የሰማው ግን ባዶ ድምፅ ነው።

የወር ስም መጥፋት የወግ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የስደተኛውን ወረቀት ይመልከት። የትውልድ ቀናቸው ጃንዩወሪ 1 ተብሎ የተመዘገበ ስደተኞች ብዙ ናቸው። ጃንዩወሪ 1 አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ነው፤ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ግን ታኅሣሥ 23 አልተወለዱም። አንዱ ቀኑን የሚያስረዳበት ጠፍቶት፣ ሌላው ቅጹን የሞላለት ሰው የሐበሻውን ወር መመለስ ስላላወቀ የሌላ ሰው ልደት ተሸክመው ይኖራሉ። የትውልድ ዓመታቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈው የፈረንጅ ሆኖ የተመዘገበባቸውም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በወረቀት አርጅተዋል። እናት «በግንቦት፣ የልደታ ዕለት ወለድኩህ» ያለችው ሰው ልደቱ ግንቦት 1 ነው፤ ይህንን በወረቀቱ ላይ ማስተካከል ቢያቅተው እንኳ ለልጆቹ መንገር አያቅተውም። ልጆቹ ግንቦትን ካላወቁ ግን የአባታቸው እውነተኛ ልደት ከእርሱ ጋር ይቀበራል።

የሚያስፈልገው ነገር ገንዘብም ስብሰባም አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ልጅ ልደቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይነገረው፤ «ሴፕቴምበር 27 የተወለድከው መስከረም 17፣ በመስቀል ዕለት ነው» የተባለ ልጅ መስከረምን አይረሳም። በየምግብ ቤቱ በነፃ የሚታደለው የቀን መቁጠሪያ ከመሳቢያ ወጥቶ ልጁ በሚያየው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ወሩ ሲያልቅ ገጹን ልጁ ራሱ ይገልብጠው። የዕድሩ ማስታወቂያ፣ የማኅበሩ ደብዳቤና የሠርጉ ጥሪ በሁለቱም ቀን ይጻፍ። እንቁጣጣሽ ለሥራ ሲባል ወደ ቅዳሜ ቢዛወር እንኳ በዋናው ቀን ማለዳ ልጁ ትምህርት ቤት ሳይሄድ «ዛሬ መስከረም 1 ነው» የሚል አንድ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር። ኦሮምኛ የሚነገርበት ቤት ፉልባና ይበል፤ ትግርኛ የሚነገርበትም ለካቲት ይበል። ነገሩ የአንድ ቋንቋ ብቻ አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ስሞቹ የሚነገሩት በቁጣና በፈተና ከሆነ ልጁ ፈተናውን አልፎ ስሞቹን ይጥላቸዋል። የአየርላንድ ልጅ እንግሊዝኛን በእንጨትና በልምጭ እንዲማር ተደረገ፤ የልጅ ልጁም የአየርላንድን ቋንቋ በግዴታ ተማረ። ቁጥሩ እንደሚያሳየው ግዴታው ዕውቀትን ሰጥቷል፤ የዕለት ንግግርን ግን ብዙ አልመለሰም። ለሐበሻው ልጅ የሚሻለው ጥቅምትን ከአጥንቱ ጋር፣ ነሐሴን ከሙልሙሉ ጋር፣ ኅዳርን ከጭሱ ታሪክ ጋር መስጠት ነው።

በመጪው ኦክቶበር 31 ክርክሩ እንደ ልማዱ ይነሣል። ልጁ ይሂድ ወይስ አይሂድ የሚለውን እያንዳንዱ ቤት እንደ ኅሊናው ይወስን። ይሂድም ይቅርም ግን፣ ያ ምሽት በአንድ ወቅት ሳውን ይባል እንደነበረና ስሙን ይዘው የተሰደዱት ሰዎች ልጆች እንዴት እንዳጡት ይነገረው። ቀጥሎም «ዛሬ ጥቅምት 21 ነው፤ ማርያም ናት» ይባል። ይህን ለማለት ሕገ መንግሥት አያስፈልግም፤ የሚል ሰው ብቻ ያስፈልጋል።